ተሠርቶ ያልተመለሰው ላፕቶፕ

«ዱካሞ ላፕቶፕ ከመክፈቱ በፊት አፉን ይከፍታል» እያሉ የጆሃንስበርግ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ሐበሾች ያሙታል። ሐሜቱን እሱም ሰምቶታል፤ ይስቅበታል እንጂ አይቀየምም። ለነገሩ ሐሜት ሳይሆን እውነት ነው። ሰው ማሽኑ ተሠርቶለት መሄድ ሲፈልግ ዱካሞ ስለ አየር ማራገቢያው ሰብኮ፣ ስለ ባትሪው መክሮ፣ ስለ ቻርጀሩ አስጠንቅቆ ነው የሚለቀው። «ነገር በምሳሌ» ይላል፤ ምሳሌውም ሁልጊዜ ከሱቅ ነው፣ ሌላ የሚያውቀው ኑሮ የለማ!

የሚሠራው የስልጤው ነጋዴ ሸረፈዲን ብርድ ልብስና የስልክ ቻርጀር በሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ብዙ ትናንሽ መፍቻዎች። ከዚያ በፊት ዲፕስሉት በሚሉት የድሆች ሰፈር ስፓዛ ነበረችው፤ በፍርግርግ ብረት ውስጥ እያሾለከ ዳቦና ወተት የሚሸጥባት እንደ ካዝና የተቆለፈች ሱቅ። ሁለቴ ዘረፉት፤ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ጥሏት ወጣ። ሙያውን የተማረው መሀል ከተማ፣ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ሰውየው እጁ ወርቅ ነበር፤ ልቡ ግን ሌላ። ደንበኛው ዞር ሲል ደህናውን ሜሞሪ አውጥቶ ደካማውን ይሰካል። ዱካሞ ይህን ሲያይ ከረመና አንድ ቀን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ማሽን ባለቤቱ ቆሞ ሳያይ አይከፍትም፤ በማሽን ጉዳይም ማንንም ዋሽቶ አያውቅም። ሀብት የለው፣ የጥገኝነት ወረቀቱ ዛሬም ነገም እየታደሰ የሚንጠለጠል፤ ያለችው ይህች ስሙ ብቻ ናት። ሰዎች ከሩቅ ሰፈር ድረስ ታክሲ ይዘው የሚመጡት ለእሷ ብለው ነው።

ያቺን ስሙን አስይዞ ቁማር የተጫወተው ኮሮና በገባበት ዓመት ክረምት ነው። የጆሃንስበርግ ክረምት ማለቴ ነው፣ ሐምሌ፤ ብርዱ አጥንት የሚሰብር።

ዶክተር ጸሐይወርቅ ሐሙስ ዕለት መጣች። ራንድበርግ ነው የምትኖረው፤ የኮሮና በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ትሠራለች። የጭንብሉ ላስቲክ ጆሮዋ ሥር ቁስል ሠርቷል። ላፕቶፗን ከቦርሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣

«ወንድሜ ታፈሰ ነው ወዳንተ የላከኝ። አዲስ ሜሞሪ ገዝቶ ገጠመልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭራሽ ቀርፋፋ ሆነ። በቪዲዮ እያወራሁ ምስሉ ይቆራረጣል» አለች።

«ቆመው ይዩልኝ ዶክተር» አለና ከፈተው። ውስጡን ባየ ጊዜ ዓይኑ በራ፤ የሚያስተምረው ነገር አግኝቷላ!

«ይኸውልዎት። ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ ደንበኛ ነው ይበሉ። ሜሞሪው ደግሞ ከመጋዘን ዕቃ የሚያቀብል ሠራተኛ ነው። በመካከላቸው በር አለ፤ ባስ የሚሉት እሱን ነው። ወንድምዎ የቀጠሩልዎት ሠራተኛ ሯጭ ነው። ሠላሳ ሁለት መቶ ተብሎ ተጽፎበታል፤ አዩት? የዚህ ማሽን በር ግን የሚያሳልፈው በሃያ አንድ መቶ ፍጥነት ብቻ ነው። ሯጩ ቢሮጥ ቢሮጥ በሩ ሲደርስ ቆሞ ተራ ይጠብቃል።»

«እሺ፤ አይጨምር። ከድሮው ለምን አነሰ?»

«እዚህ ላይ ነው ነገሩ! ድሮ ሁለት ነበሩ፤ ደካሞች ቢሆኑም በሁለት በር፣ ጎን ለጎን ነበር የሚያቀብሉት። ወንድምዎ ሁለቱን አሰናብተው አንድ ሯጭ አስገቡ። ሁለተኛው በር ይኸው ባዶ። ይህ ማሽን ደግሞ ለምስል የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከዚሁ ነው የሚበደረው። ቪዲዮ ሲከፍቱ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል።»

ዶክተር ጸሐይወርቅ ሳቀች። «ታፈሰ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ካየ ሳይገዛ አያልፍም!» ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አባቴ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ ስልክ አይሰማም። ደሴ ሆኖ ከንፈሬን እያየ ነው የሚያወራኝ። ምስሉ ሲቆራረጥ ከንፈሬ ይጠፋበትና ‹ምን አልሽ? ምን አልሽ?› ይላል። ባለፈው ምንም ሳይገባው ተሰነባበትን። ከዚያ አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠ። አሁን ተመልሷል አሉኝ። የኔንም ስልክ ሮቦት ላይ፣ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ የመኪናዬን መስኮት ሰብረው ወስደውብኛል፤ ያለኝ ይህቺ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ለእሁድ ይደርስልኛል?»

«ለእሁድ? ነገ መጥተው ይውሰዱ!» አለ ዱካሞ ደረቱን ነፍቶ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ መኪናዋን አስነሥታ እንደሄደች ከመሳቢያው ለዚያ ጓደኛ የሚሆን ሜሞሪ አወጣ። ያገለገለ ነው፣ ግን ጤነኛ። ክዳኑ እሷ ፊት እንደ ተከፈተ ነበርና ሁለተኛው በር ላይ ሰካው፤ ማሽኑን አስነሥቶ ቪዲዮ ከፈተ። እንደ ውኃ ፈሰሰ። አለቀ። ቁርሱን እንኳ በዚህ ፍጥነት በልቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ታፈሰ ደወለ። ድምፁን መጀመሪያ አልለየውም፤ በሳል መሀል ነው የሚናገረው።

«ዱካሞ ወንድሜ፣ ጸሐይ ላፕቶፑን አመጣችልህ?»

«አምጥታ፣ ተሠርቶ፣ አልቆ! አንተ ግን ምን ነክቶህ ነው ያንን…»

«አትስጣት።»

«እ?»

«አባታችን ሰኞ ዐረፉ። ማክሰኞ ቀበሯቸው።» ታፈሰ ሳሉን ጨርሶ ቀጠለ። «እኔ ኮሮና ይዞኝ ክፍሌን ዘግቼ ተኝቻለሁ። እዚህ አገር ከኔ ሌላ ዘመድ የላትም። አገር ቤት ያለችው እህታችን በስልክ እያድበሰበሰች ነው። ላፕቶፑን ካገኘች እሁድ ትደውላለች፤ ብቻዋን ሆና በስክሪን ትረዳለች። ከክፍሌ እስክወጣ፣ ጥቂት ቀን፣ አልተሠራም በላት። እባክህ። እግርህ ላይ ወድቄያለሁ።»

ዱካሞ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ የላፕቶፑን ክዳን ከደነ። በማሽን ዋሽቶ አያውቅም። ግን ስለ መርዶ የሚያውቀውን እሱ ነው የሚያውቀው። የእናቱን ሞት የሰማው ዲፕስሉት፣ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ነው። አንድ የአገሩ ልጅ፣ የሰማ መስሎት፣ ከውጭ ሆኖ «እናትህን ነፍስ ይማር» አለው። ዱካሞ በእጁ ዳቦ ይዞ ነበር። ከኋላ ሰው ተሰልፏል፤ ዳቦውን አቀበለ፣ ቀጥሎ ወተት አቀበለ። ማንም ትከሻውን አልያዘውም፤ ብረቱ ውስጥ ማን ይገባል? አገሩ ቢሆን ኖሮ ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ ከፊትም ከኋላም ደግፎ ነበር የሚነግረው። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል፤ መርዶ ለዚህ ነው ብቻውን የማይሄደው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እይዘዋለሁ።»

ዓርብ ዶክተር ጸሐይወርቅ ከሆስፒታል ደወለች። «አለቀ አይደል? ወጥቼ ልምጣ?»

«ዶክተር፣ ያ ሁለተኛው ሜሞሪ…» ላፕቶፑ ያለበትን መሳቢያ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። «ጓደኛ የሚሆነው አልተገኘም። ሱቆቹም በዚህ በሽታ ግማሹ ዝግ ነው። ፍጥነቱ የማይስማማ ከገባ ደግሞ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ነው የሚሄዱት። ተስማሚ እየፈለግኩ ነው።»

ስለ ፍጥነቱ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸቱ «አልተገኘም» የምትለው አንዲት ቃል ናት። እሷኑ ነው ያንገሸገሸችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«እሺ፤ ምን ይደረግ» አለች ደክሟት። «ዛሬ ክፉ ቀን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዎች ሞቱብን። ቤተሰብ መግባት አይፈቀድለትም፤ በስልክ የምነግራቸው እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገው ነው የሚነግሯቸው?» አለ ዱካሞ፣ ሳያስበው።

«ወዲያው። ሳላዞር። የሰውን ሐዘን ይዞ ማቆየት ግፍ ነው። የኔ ንብረት አይደለማ!»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዱካሞ የመጣለትን ደንበኛ ያለ ምንም ስብከት ሸኘው። ሸረፈዲን ብርድ ልብሱን ማጠፍ ትቶ፣ «አሞሃል እንዴ? ኮሮና ነው ወላሂ፣ ራቅ በል!» አለው። ዱካሞ የሆነውን ሁሉ አጫወተው። ሸረፈዲን ራሱን ነቀነቀ። «አደራ ነው። አደራ ደግሞ ይከብዳል» አለና ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ።

ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ዶክተር ጸሐይወርቅ የሆስፒታል ልብሷን ሳታወልቅ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሌሊቱን ሥራ ላይ ነው ያደረችው። ፊቷ ግን ፈክቷል። ከኪሷ አንድ ትንሽ ፓኬት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተገኘ! ከሥራ ወጥቼ ራንድበርግ ሦስት ሱቅ አዳረስኩ። አንዱ ጋ አገኘሁት። ይስማማል አይደል? እየው።»

ዱካሞ ፓኬቱን አገላብጦ አየ። ይስማማል። ጠጋኝ የሚፈልገው ዕቃ ሲገኝለት ይደሰታል፤ ዱካሞ ግን ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሌሊት ሙሉ ከሞት ጋር ስትታገል አድራ፣ በሱ ውሸት ከተማ ስትዞር ያረፈደች ሴት!

«ዶክተር፣ ትተውልኝ ይሂዱና ማታ…»

«ማታማ አይሆንም። ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስርጭት በኋላ ነው የምደውልለት። ግጠመው፤ ቆሜ አያለሁ። ያንተ ሕግ እሱ አይደል?»

ሕጉ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ደንበኞችም ያውቁታል። እምቢ የሚልበት ምክንያት ፈለገ፣ አጣ። ስለ ላፕቶፕ እስኪሰለች የሚያወራ ሰው አንዲት ሰበብ አላገኘም። ላፕቶፑን ከመሳቢያ አወጣ፣ ገለበጠ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ክዳኑን አነሣ።

ሁለቱም በር ላይ ሜሞሪ አለ።

ዶክተር ጸሐይወርቅ ጎንበስ ብላ አየች። እሱ ራሱ አስተምሯታል፤ የት እንደምታይ ታውቃለች።

«ሁለት ነው» አለች። «ሐሙስ አንድ ነበር። አልተገኘም ያልከኝ ይኸው እዚህ አለ።»

ዱካሞ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አስነሣው።»

አስነሣው። ቪዲዮ ከፈተች፤ ምስሉ ሳይንገዳገድ ሄደ።

«ተሠርቶ ነበር። ዓርብ ስደውልልህ ተሠርቶ ነበር! ለምን? ምን ፈልገህ ነው? ዋጋ ልታስጨምር? ሌላ ነገር ልትገጥምበት? ታፈሰ ‹አንድ ታማኝ ሰው አለ› ብሎኝ ነው የመጣሁት። አባቴን ካየሁት ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ነግሬህ አልነበረም?» ድምፏ ተሰበረ። «ሌባ!»

ቃሏ ሱቁ ውስጥ ያለውን ጆሮ ሁሉ አዳረሰች። ሸረፈዲን አፉን ከፈተ፤ «እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም…» ሲል ዱካሞ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው።

ዱካሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያችን ከተናገረ ስሙ ይመለሳል፤ እሷ ግን በብርድ ልብስ ዋጋ በሚከራከሩ ሰዎች መሀል ትወድቃለች። እሱ ያኔ ዳቦ ይዞ እንደ ቆመው ትቆማለች። አንገቱን ደፍቶ ብሎኖቹን መልሶ አሰረ። አንዷ ብሎን ከእጁ አምልጣ መሬት ወደቀች፤ አጎንብሶ ሲፈልግ ቆየ።

ዶክተር ጸሐይወርቅ ላፕቶፑን ነጥቃ ወሰደች። የገዛችውን ፓኬት ወረወረችለት። «ይኼንንም ውሰደው! የፈለግኸው ይኼንኑ አይደል!»

ከወጣች በኋላ ተራ ሲጠብቁ ከነበሩት ደንበኞች አንዱ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ከትቶ፣ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው ምክንያት እንኳ አላቀረበም።

ዱካሞ ለታፈሰ ደወለ። «ወስዳዋለች። ነገ ጠዋት ትደውላለች» አለው።

ታፈሰ በስልኩ ውስጥ ሲያለቅስ ተሰማ። «እኔ ገና አልወጣሁም። ዛሬም ትኩሳት አለኝ። ሂድልኝ ዱካሞ፤ ቀድመህ ሂድልኝ። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ማዶ እቆማለሁ፤ አልወርድም።»

«ሌባ ያለችኝ ሴት በሯን ትከፍትልኛለች?»

ይህን የሰማችው የሸረፈዲን ሚስት ረሒማ ናት፤ ለባሏ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። «እኔ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። «ሴት ልጅ ሲረዷት ሴት መኖር አለባት። ሸረፈዲን፣ አንተ ትነዳለህ።»

እሁድ ጎሕ ሲቀድ ራንድበርግ ደረሱ። የመንገዱ ዳር ሣር ላይ አመዳይ ነጭ ሆኗል። መግቢያው ላይ ያለው ዘበኛ የሚሞቀውን እሳት ትቶ መጣና በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና» አላቸው። ሰው ቤት መጠየቅ በመንግሥት ክልክል የሆነበት ሰሞን ነው። «ላፕቶፕ ሠሪ ነኝ፤ ለሥራ ነው» አለ ዱካሞ። ዘበኛው ጥቁር ሻሽ ያሰረችውን ረሒማን አየ፣ የሁሉንም ፊት አየ፤ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ መግቢያውን የሚዘጋውን እንጨት አነሣላቸው። ሐዘን መቼም ቋንቋ አይፈልግም። የታፈሰ መኪና ከነሱ ቀድማ ደርሳ ከቤቷ ማዶ ቆማለች፤ መስኮቷ ተዘግቶ በትንፋሽ ጉም ለብሷል።

ደወሉን ዱካሞ ተጫነው።

ጋቢ ደርባ ወጣች። ከብረት በሩ ጀርባ መጀመሪያ ያየችው ዱካሞን ነው። «አሁን ደግሞ ምን ቀረህ?» አለች።

ከዚያ ከኋላው ረሒማን አየች። ቀጥሎ ሸረፈዲንን፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ቀጥሎ የወንድሟን መኪና። ሐበሻ በማለዳ ተሰብስቦ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ከቆመ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ማንም አላስተማራትም፣ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። እጇ ብረቱን ያዘ።

«አባዬ?»

ዱካሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰላስል ነው ያደረው። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም።

«አላህ ያጽናሽ እህቴ» አለች ረሒማ።

ጩኸቷ የመንገዱን ውሾች ሁሉ አስነሣ። በብረቱ ላይ ተንሸራትታ ወረደችና ጉልበቷ መሬት ነካ። ረሒማ በፍርግርጉ ውስጥ እጇን ሰድዳ ያዘቻት።

«መቼ?»

«ሰኞ» አለ ዱካሞ።

«ሰኞ! አባቴ ሞቶ… እኔ ትናንት ስለ ላፕቶፕ ስጣላ! አባቴ ሞቶ እኔ ሐሙስ ስስቅ! ወይኔ!» ቀና ብላ አየችው። «ታውቅ ነበር።»

«ሐሙስ ከሰዓት ነው የሰማሁት።»

«ሌባ ስልህ ዝም አልክ።»

«ልክ ነዎት ዶክተር» አለ፤ እንባው ጭንብሉ ውስጥ ገብቷል። «ሰርቄዎታለሁ። የእርስዎን ሐዘን ነው ይዤ ያቆየሁት።»

ተነሥታ ቁልፉን ለማዞር ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ ተከፈተ። ማንንም ሳታይ አልፋቸው ወደ መኪናው ሮጠች። ታፈሰ ከውስጥ በሮቹን ቆለፈ። በመስታወቱ በኩል እጁን እያወዛወዘ፣ እያለቀሰ፣ «አትምጪ! አትምጪብኝ ጸሐይ!» ይላል። መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ሐኪም ናት፤ ለምን እንደማይከፍትላት ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ወራት ሙሉ ያለ ጓንት ሰው ነክታ አታውቅም። መዳፏን ወደ መስታወቱ ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

ዱካሞ ተከትሏት ሁለት ሜትር ርቆ ቆሞ ነበር፣ እንደ ደንቡ። ዞር አለችና ርቀቱን ራሷ ጨረሰችው፤ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። ዱካሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ቆይቶ ቀስ ብሎ ጀርባዋ ላይ አሳረፈው። «አይዞዎት» አላትና አብሯት አለቀሰ።